የሥራ አመራር ተመራማሪ እንዴት ይሠለጥናል?

ሰው ዘወትር በዓይኑ የሚያየውን ነገር ሁሉ ያወቀው ይመስለዋል። እኔም በዚህ ስሕተት ወድቄ ስለ ነበር፣ ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት የራሴን ታሪክ ላጫውታችሁ።

በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጧት በር ላይ ቆሜ የሚያረፍዱትን ተማሪዎች ስም የምመዘግበው እኔ ነበርሁ። ከአንድ ሰፈር የሚመጡ ጥቂት ልጆች ከመዝገቡ አይጠፉም። ምክንያቱን ለማወቅ አልደከምሁም። «ስንፍና ነው» ብዬ ፈረድሁ፤ ስማቸውን ጻፍሁ፤ ግቢ አስጠረግኋቸው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የተሰመረ ወረቀት ይዛ መጣችና፣ «ቲቸር፣ እርስዎ የሚጽፉት ስም ብቻ ነው፤ እኔ ግን ቀኑንም ጽፌዋለሁ» አለችኝ። ወረቀቱን ባየሁት ጊዜ ልጆቹ የሚያረፍዱት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር። እነዚያም ቀኖች በሰፈራቸው የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚለቀቅባቸው ናቸው። ልጆቹ ከሌሊት ጀምረው ጀሪካን ሲሞሉ ያነጉ ነበር። ለካስ እኔ ዓመቱን ሙሉ ስቀጣቸው የኖርሁት ለእናቶቻቸው ውሃ ስለ ቀዱ ነው!

ልጅቱ ከኔ የበለጠ ትምህርት አልነበራትም። ልዩነታችን ይህ ነው፤ እኔ መልሱን አስቀድሜ ይዤ ስሞችን ስሰበስብ፣ እርስዋ ጥያቄውን ይዛ ቀኖቹን ቈጠረች። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ያገራችን ተረት የሚያዘው ይህንኑ ነው።

ዛሬ ላጫውታችሁ የተነሣሁት ይህን የመጠየቅ ጥበብ ሥራዬ ብለው ስለሚማሩ ሰዎች ነው፤ ይኸውም በሥራ አመራር የዶክተርነት ማዕረግ ለማግኘት ስለሚሠለጥኑ ተማሪዎች። ነገሩ ከናንተ የራቀ አይምሰላችሁ። እነዚህ ሰዎች የሚመረምሩት ስለ አለቃና ስለ ምንዝር፣ ስለ በጀት፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ስብሰባ፣ በጠቅላላው እናንተ በየቀኑ ስለምትውሉበት መሥሪያ ቤት ነው። የነሱ መልስ የተሳሳተ እንደ ሆነ፣ በተሳሳተው መልስ የምንተዳደረው እኛ ነን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ሥራ አስኪያጅ ሌላ፣ ተመራማሪ ሌላ

ብዙ ሰው በሥራ አመራር ዶክተር የሚሆን ሰው ትልቅ ሥራ አስኪያጅ ለመሆን የሚማር ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ለሥራ አስኪያጅነት የሚያዘጋጀው ትምህርት ይበልጡን የማስተርስ ዲግሪው ነው። ሥራ አስኪያጅ ማስረጃው ቢጎድልበትም ከቀኑ ዐሥር ሰዓት በፊት ቁርጡን መናገር አለበት፤ ባለጉዳዩ ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋልና። ተመራማሪው ግን የሚሠለጥነው ለሌላ ነገር ነው፤ ማስረጃው እስኪሟላ ድረስ «ገና አላወቅሁም» ብሎ መታገሥን ይማራል። ይህ ትዕግሥት ለወጣት ቀላል አይደለም።

በአሜሪካ ሥልጠናው አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ዓመት ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ተማሪው ስታቲስቲክስ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂና የምርምር ዘዴ ይማራል። ቀጥሎም የተማረውን የሚያጠቃልል ከባድ ፈተና ይቀመጣል። ካለፈ የምርምሩን ዕቅድ ጽፎ በመምህራን ፊት ያቀርባል፤ ዕቅዱ ሲጸድቅለት ወደ ምርመራው ይሠማራል፤ በመጨረሻም የመመረቂያ ጥናቱን ጽፎ ይከራከርበታል። በብሪታንያ ደግሞ ተማሪው ከመጀመሪያው አንሥቶ ከአማካሪው ጋር በጥናቱ ላይ ይሠራል፤ ሲጨርስም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ፈታኝ ይመረምረዋል። በስዊድን ክርክሩ የሚደረገው በአደባባይ ነው፤ ጥናቱን እንዲነቅፍ ተብሎ የሚጋበዝ ሊቅ አለ፤ የሹመቱም ስም «ተቃዋሚ» ነው። በኛም አገር የቅኔ ተማሪ የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር ስሕተቱ በባልንጀሮቹ ፊት ይታረምለታል። ዕውቀት በትችት እንደሚጠራ አባቶቻችንም አልሳቱትም ማለት ነው።

ይህ የዶክትሬት ሥርዓት በሥራ አመራር ትምህርት እጅግ የቈየ አይደለም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በንግድ ሥራ የዶክትሬት ትምህርት የጀመረው በ1920 ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በንግድ ትምህርት ቤቶች ይሰጥ የነበረው ትምህርት ይበልጡን ከባለ ልምድ ሰዎች የሚሰማ ምክር ነበር። በ1959 አንዱ በፎርድ ፋውንዴሽን፣ ሁለተኛው በካርኔጊ ኮርፖሬሽን ገንዘብ የተጠኑ ሁለት ትልልቅ ሪፖርቶች ታተሙ። ሁለቱም ምርምሩ ደካማ፣ ብዙዎቹም መምህራን ለምርምር ያልተዘጋጁ መሆናቸውን ሳይሸፋፍኑ ገለጡ። ፎርድ ፋውንዴሽን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከ30 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ ለነዚህ ትምህርት ቤቶች ስላወጣ፣ የዶክትሬት ሥልጠናው ዛሬ የምናየውን መልክ እየያዘ ሄደ።

የሚልዋኪ መጫወቻ ሜዳዎች

ጥሩ ጥያቄ እንዴት እንደሚገኝ ለማየት፣ በ1935 ወደ ነበረ አንድ ወጣት እንሂድ። ኸርበርት ሳይመን ይባላል፤ ያን ጊዜ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲም ተማሪ ነበር። በተወለደባት በሚልዋኪ ከተማ የልጆች መጫወቻ ሜዳዎች በሁለት መሥሪያ ቤቶች በጋራ ይተዳደሩ ነበር። ሜዳውን የሚያድሰውና የሚንከባከበው የከተማው የሥራ መምሪያ ነው፤ ልጆቹን የሚያጫውቱትን ሠራተኞች የሚመራው ደግሞ የትምህርት ቦርዱ ነው። በጀት በመጣ ቍጥር ሁለቱ ይከራከራሉ።

ሳይመን በኢኮኖሚክስ ክፍል የተማረው፣ ብልህ ሰው ገንዘቡን ሲያከፋፍል በእያንዳንዱ ሥራ ላይ የምትጨመረው የመጨረሻዋ ሳንቲም እኩል ጥቅም እስክታስገኝ ድረስ ያመዛዝናል የሚል ነበር። ወደ መሥሪያ ቤቶቹ ሄዶ ሲያይ ግን እንዲህ ያለ ስሌት የሚያሰላ አንድም ሰው አላገኘም። የሥራ መምሪያው ሰዎች የሚታያቸው ሣሩ፣ ዛፉና አጥሩ ነው፤ የትምህርት ቦርዱ ሰዎች የሚታያቸው ልጆቹና አጫዋቾቹ ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው፣ «እነዚህ ሹማምንት ኢኮኖሚክስ አያውቁም» ብሎ መሄድ ነው፤ እኔ በተማሪዎቼ ላይ እንዳደረግሁት። ሁለተኛው፣ «የተማርሁት ትምህርት አንድ ነገር ጎድሎት ይሆን?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ነው። ሳይመን ሁለተኛውን መረጠ። ሰው ሁሉን ዐውቆ፣ ሁሉን አመዛዝኖ አይወስንም፤ ባለው ጊዜና ዕውቀት ልክ፣ ከተቀመጠበትም ወንበር በሚታየው መጠን «ይበቃል» የሚለውን ይወስናል የሚለው ትምህርቱ ሥሩ ከዚያ ከመጫወቻ ሜዳው ክርክር ነው። በ1943 ዶክተር ሆነ፤ ከዶክትሬት ጥናቱ የተነሣው መጽሐፉ በ1947 ታተመ፤ በ1978 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

አስተውሉ፤ ነገሩ የተጀመረው ከሁለት መሥሪያ ቤቶች የበጀት ጭቅጭቅ ነው። እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ በየትኛው መሥሪያ ቤት ጠፍቶ ያውቃል?

አለቃ ቀኑን እንዴት ይውላል?

ሁለተኛው ትምህርት ሄዶ ማየት ነው። ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስና ሥራ አስኪያጅ ሄንሪ ፋዮል በ1916 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የአለቃ ሥራ ማቀድ፣ ማደራጀት፣ ማዘዝ፣ ማስተባበርና መቈጣጠር ነው ብሎ ነበር። ይህ አነጋገር ለብዙ ዓመታት በየመማሪያ መጻሕፍቱ ሲደገም ኖረ።

ሄንሪ ሚንትዝበርግ የሚባል የካናዳ ተወላጅ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ተማሪ ሳለ ግን አንድ ቀላል ነገር አደረገ። ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ የአምስት ታላላቅ ድርጅቶችን ኃላፊዎች እያንዳንዳቸውን ለአንድ ሳምንት ተከተላቸው፤ የሚያደርጉትንም ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፈ። ጥናቱን በ1968 ጨረሰ፤ በ1973 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። ከሥራዎቻቸው ግማሹ ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ ከአንድ ሰዓት ያለፈው ከመቶ 10 ብቻ ነው። ከጊዜያቸው ከመቶ 78 ያህሉ ያለቀው በንግግር ነው። በጸጥታ ተቀምጦ የሚያቅድ አለቃ ይገኛል ሲባል፣ የተገኘው በስልክ፣ በባለጉዳይና በድንገተኛ ነገር ከወዲያ ወዲህ የሚባክን ሰው ሆነ።

አምስት ሰው ጥቂት አይደለምን ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ደግ ነው፤ የዶክትሬት ተማሪም የሚሠለጥነው ይህን እንዲጠይቅ ነው። ከአምስት ሰው «አለቆች ሁሉ እንዲህ ናቸው» የሚል ቍጥር ማውጣት አይቻልም። ነገር ግን ለዘመናት የተደገመ አነጋገር በተግባር ሳይታይ የኖረ መሆኑን ለማሳየት አምስት ሰው ይበቃል። ከጥቂት ሰው ምን፣ ከብዙ ሰው ምን ለማወቅ እንደሚቻል ለይቶ መናገር የሥልጠናው አንዱ ትልቅ ክፍል ነው።

ያማረ ታሪክ ማስረጃ አይደለም

ሦስተኛው ትምህርት ከሁሉ ይመራል፤ የወደድነውን መልስ መጠራጠር ነው። በቺካጎ አጠገብ ሃውቶርን በተባለ የስልክ ዕቃ ፋብሪካ ከ1924 ጀምሮ መብራት ሲጨመርና ሲቀነስ የሠራተኞች ሥራ እንዴት እንደሚለወጥ ተሞከረ። በ1927 ደግሞ አምስት ሴቶች ለብቻቸው ክፍል ተሰጥቷቸው፣ ዕረፍታቸውና የሥራ ሰዓታቸው እየተለዋወጠ የሚገጣጥሙት ዕቃ ይቈጠር ጀመር። ምርታቸውም ከፍ አለ። ከዚህ የተነሣ «ሠራተኛ የሚተጋው የሚያስብለት ሰው እንዳለ ሲያውቅ ነው» የሚል ትምህርት በዓለም ሁሉ ተሰበከ። ማን ይጠላዋል? እኔም ኮሌጅ ሳለሁ በደስታ ተቀብዬው ነበር።

ነገር ግን መዝገቡን እንደ ገና የገለጡ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አገኙ። ከአምስቱ ሴቶች ሁለቱ በ1928 መጀመሪያ ላይ ወሬ አበዙ፣ አልታዘዙም ተብለው በሌሎች ተተክተዋል። የክፍያው ሥርዓትም ተለውጦ፣ ገቢያቸው ከትልቁ ክፍል ምርት ጋር መታሰሩ ቀርቶ ከራሳቸው ከአምስቱ ምርት ጋር ታስሯል። እንግዲህ ምርቱን ከፍ ያደረገው ርኅራኄው ነው፣ ገንዘቡ ነው፣ ወይስ የሰዎቹ መለወጥ? አሌክስ ኬሪ የተባለ ጸሐፊ በ1967 ይህን አንሥቶ ብርቱ ወቀሳ ጻፈ። የመብራቱም ሙከራ ቍጥሮች ጠፍተዋል ሲባል ተገኝተው፣ በ2011 በታተመ ጥናት እንደ ገና ሲሰሉ፣ ሲነገርለት የኖረው ታላቅ ለውጥ እምብዛም አልታየባቸውም።

ይህ ማለት ለሠራተኛ አታስቡ ማለት አይደለም። ደግ ሐሳብም ቢሆን ማስረጃው በሌላ ነገር የተደባለቀ እንደ ሆነ አልተረጋገጠም ማለት ነው። ስለዚህ የዶክትሬት ተማሪ በየቀኑ ሁለት ጥያቄ ይቀርብለታል። አማካሪው ረቂቁን አይቶ፣ «እንዴት ዐወቅህ?» ይለዋል። ይህን ሲመልስ ደግሞ፣ «በሌላ ምክንያት ቢሆንስ?» ይለዋል።

ሃያ ጊዜ የተጠየቀ ቍጥር

አራተኛው ትምህርት ራስን ከማታለል መጠበቅ ነው። በዚህ ምርምር ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ልማድ አለ፤ በእውነቱ ምንም ግንኙነት ሳይኖር እንዲያው በአጋጣሚ እንዲህ ያለ ቍጥር የመገኘቱ ዕድል ከመቶ 5 በታች ሲሆን፣ ውጤቱ እንደ ቁም ነገር ይቈጠራል። ከመቶ 5 ማለት ከሃያ አንድ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ተማሪ ግንኙነት የሌላቸውን ሃያ ነገሮች ቢፈትሽ፣ አንዱ በአጋጣሚ ብቻ «ተገኘሁ» ሊለው ይችላል። ተማሪው ዐሥራ ዘጠኙን ደብቆ ሃያኛውን ቢያሳትም፣ ውሸት አልጻፈም፤ ነገር ግን አንባቢውን አሳስቷል።

ከዚህም የረቀቀ ተንኰል አለ፤ ይኸውም ውጤቱን ካዩ በኋላ «እኔ አስቀድሜ የገመትሁት ይህን ነበር» ብሎ መጻፍ ነው። ኖርበርት ኬር የተባለ የሳይኮሎጂ ሊቅ በ1998 ለዚህ ነውር ስም አውጥቶለታል። ለዚህ ከተገኙት መድኃኒቶች አንዱ እናንተ የምታውቁት ነው። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲገባ መዝገብ ቤቱ ቀንና ቍጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ «ቀደም ብዬ ጽፌ ነበር» ብሎ መዋሸት አይቻልም። አሁን ብዙ ተመራማሪዎች ጥያቄአቸውን፣ ግምታቸውንና ዘዴአቸውን ሥራው ሳይጀመር ጽፈው ቀን በሚያዝበት መዝገብ ያስገባሉ።

እኛ በማን ቍጥር ተለካን?

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ኔዘርላንዳዊው ኼርት ሆፍስቴድ በ1967 እና በ1973 መካከል ከአይ ቢ ኤም ኩባንያ ሠራተኞች በተሰበሰቡ ከ116,000 በሚበልጡ መጠይቆች ላይ ተመሥርቶ፣ የየአገሩ ሰው አለቃን ምን ያህል እንደሚፈራ፣ ለራሱና ለወገኑ ምን ያህል እንደሚያስብ በቍጥር አወጣ። ሥራው በዓለም ላይ እጅግ የታወቀ ነው። በዚያ ሥራ ውስጥ ኢትዮጵያ አለች፤ ነገር ግን ለብቻዋ አይደለም። ከኬንያ፣ ከታንዛንያና ከዛምቢያ ጋር በአንድነት «ምሥራቅ አፍሪካ» ተብላ አንድ ቍጥር ተሰጥቷታል።

የዶክትሬት ተማሪ ይህን ሲያነብ እንዲህ ብሎ መጠየቅ አለበት። መልስ የሰጡት እነማን ናቸው? የአንድ የውጭ ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው። የጎጃም ገበሬ፣ የመርካቶ ነጋዴ፣ የወረዳ ጸሐፊ በውስጡ አለን? የአራት አገር ሕዝብ አንድ ቍጥር ይበቃዋልን? ሆፍስቴድ መጠይቁ ከየት እንደ መጣ አልደበቀም፤ ጥፋቱ ሳይጠይቅ ቍጥሩን ብቻ አንሥቶ «ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ እንዲህ ነው» የሚለው ሰው ነው። እኛ የራሳችንን መሥሪያ ቤት ካልመረመርን ግን ሌላው ሰው ያለውን ቍጥር ቢጠቀም ምን እንወቅሰዋለን?

ለዚህ ሥራ ያገራችን ልጅ ለሌላው የሌለው ጥቅም አለው። መጠይቅ የያዘ እንግዳ በአለቃው ፊት አንዱን ጸሐፊ፣ «ሥራህ እንዴት ነው?» ቢለው፣ «ደኅና ነው» ይለዋል፤ እንግዳውም ደኅና ብሎ ይጽፋል። ሰምና ወርቅ የለመደ ሰው ግን «ደኅና» የሚለው ቃል ስንት ዓይነት እንደ ሆነ ያውቃል። ስለዚህ ተማሪው ሰውን ለብቻው ማነጋገርን፣ ፈቃዱን አስቀድሞ መጠየቅን፣ ስሙን መሠወርን፣ የነገረውም ቃል በእንጀራው እንዳይመጣበት መጠበቅን ይማራል። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የፈራ ሰው እውነቱን ስለማይናገር የምርምሩም መሠረት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ አስተዳደርና ፖሊሲ የዶክትሬት ትምህርት ስለሚሰጥ፣ መንገዱ ለናንተም የተዘጋ አይደለም።

ከጠረጴዛችሁ ጀምሩ

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። የልጅቱን ወረቀት እንዳየሁ አፈርሁ፤ ወዲያው ግን «በሌላ ምክንያት ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ ትዝ አለኝና፣ «ከዚያው ሰፈር መጥተው በውሃው ቀን የማያረፍዱ ልጆች የሉምን?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት አሰበችና፣ «ልጠይቅ» ብላ ሄደች። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። የማያረፍዱት በቤታቸው ሮቶ ያላቸው ልጆች ሆነው ተገኙ፤ ውሃው በራሱ ይሞላላቸዋል እንጂ ሌሊት አይነሡም። ያን ቀን ደብተሬን ይዤ ወደ ዳይሬክተሩ ሄድሁ፤ ግቢ ማስጠረጉም ቀረ።

ሁላችሁም ዶክተር ሁኑ አልላችሁም። ነገር ግን በጠረጴዛችሁ ላይ ሳይንቀሳቀስ የሰነበተ ማመልከቻ፣ በየሳምንቱ የሚደገም ስብሰባ፣ «ሰነፍ ነው» የተባለ ባልደረባ አይጠፋም። አንድ የተሰመረ ወረቀት አውጡ። ስሙ በተጻፈበት ዓምድ አጠገብ ሌላ ዓምድ ጨምሩ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ጉዳዩ ማን ዘንድ እንደ ቈየ ጻፉ። ከአንድ ወር በኋላ አንብቡት። ምናልባት ሰነፍ ያላችሁት ሰው ውሃ ሲቀዳ ያነጋ ሰው ሆኖ ታገኙት ይሆናል።